መስኮት ቁጥር ሦስት

መጡ ጋሽ ባሪሶ፣ ያንን ቡኒ ኮት ለብሰው፣
ጡረታ በወጡ በዓመታቸው፣ ደረታቸውን ይዘው ተመልሰው።
«ካርድ አውጥተዋል?» አለ አዲሱ ዘበኛ፤
ተሰለፉ፣ ሰባተኛ።

ሐዋሳ፣ ታቦር ሥር፣ አንድ የላምባ ፍሪጅ፣
ሁለት አልጋ፣ አንድ አዋላጅ፤
ያ ነበር ድርጅቱ። በሀያ ስድስት ዓመት
አምስት ፎቅ በቀለበት።
ደመወዝ በጠፋ ወር መኪናቸውን ሸጠው
የከፈሉኝን በልቻለሁ፤ አልክድም።

ከመስኮቴ በላይ የከረመ ወረቀት፣
«ያለ ማስያዣ አልጋ የለም»፣ ፊርማቸው ያለበት።
መነጽር አድርገው አነበቡት፣ ቀስ ብለው፤
ከፈሉ።
«እጄ ያኔ አይንቀጠቀጥም ነበር» አሉኝ፣ ደረሰኙ ላይ ፈርመው።

ጣራው ላይ አባ ኮዳ፣ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ፣
ሐይቁን ያያል፤
ተራ እንደሚጠብቅ ሰው።