የቅዳሜ ማታ ቦሎቄ

ባሌ ኒባልዶ ሾፌር ነው፣ በቫልፓራይሶ ከተማ፤
ሽቦ ጨብጦ የሚሄድ አውቶቡስ ይነዳል፣ ሲመጣ የማይሰማ።
ሠላሳ ዓመት ተቀምጦ ወንበሩ ቅርፁን ለምዶታል፤
ቀበቶው ግን አልለመደም፤ በየዓመቱ ይከዳዋል።

አንድ ሐሙስ ከጤና ጣቢያ፣ ወረቀት አጥፎ በኪሱ፣
"ስኳር ነው አሉኝ" ብሎ ተቀመጠ፤ ወንበሩ ጮኸለት ለእሱ።

ሰኞ ማለ።
ሰኞ የመሐላ ክርስትናው፣
ሐሙስ ተዝካሩ ነው።
ቋሊማውን ለጎረቤት ውሻ፣ ቅቤውን ለእህቱ ሰጠ፤
ስሟን የማላውቃት ጥቁር ፍሬ በደመወዙ ለወጠ።
ሲዘፈዝፋት እንደ እንቁራሪት ዓይን አፍጥጣ አየችው፣
በማንኪያ ሲያነሣት ተዝለግልጋ፣ ሳይውጣት አነቀችው።
ሐሙስ ማታ የዘበኛው ሚስት ነገረችኝ ሹክ ብላ፦
"ከጋራዡ ጀርባ ያየሁት ባልሽ ነው፣ ሆትዶግ በሁለት እጁ ሲበላ።"
አቮካዶ በጺሙ ላይ። እንደ ሌባ።

አልተቆጣሁም። ምን አፍ አለኝ? በስፌት መኪናዬ ሆድ፣
ከክሩ ሥር ከረሜላ አለኝ፤ ማንም የማያውቀው ጉድ።

እንዲህ ሦስት ሰኞ ተማለ፣ ሦስት ሐሙስ ተፈታ፤
ቤቱ ችሎት ሆነ፤ እኔ ዳኛ፣ እሱ ተከሳሽ፣
ማቀዝቀዣው ምስክር፣ ጠዋትና ማታ።

ከዚያ ክረምት ገባ።
ዝናቡ የኮረብታችንን ደረጃ እንደ ጅረት አደረገው፤
ገበያ መውረድ ታከተኝ፤ ከጓዳ አንድ ከረጢት ቦሎቄ አገኘሁ፣
መቼ እንደተገዛ የማላውቀው።
ቅዳሜ ማታ ነበር። አጠብሁት፤ ዘፈዘፍሁት፤ መብራት አጠፋሁ፤ ተኛሁ።
አልማልሁም። ደክሞኝ ነበር እንጂ ጥበብስ አላሰብሁ።

እሑድ ከዱባ፣ ከሽንኩርት፣ ከደረቅ በሶብላ ጋር ተንተከተከ፤
ኒባልዶ ክዳኑን ገለጥ አድርጎ ማንኪያውን እንደ መልእክተኛ ላከ።
ለሰኞም ተረፈ። ማክሰኞ በምሳ ዕቃው ይዞት ወጣ፤
ማንም ጤና የምትል ቃል ከአፉ አላወጣ።
ራበው፤ ድስቱ ቅርብ ነበር፤ በላ።
ይኸው ነው ምሥጢሩ፤ የለውም ሌላ።

ስኳሩን ከላይኛው መደርደሪያ ሰቀልሁት፤
አልከለከልሁም፤ ብቻ ወንበር ያስፈልገዋል።
ጉልበቱን ያመዋል፤ ወንበሩን ያየዋል፤ ሻዩን እንዲያው ይጠጣዋል።
የሰፈራችን ዳቦ አራት ክፋይ ነው፤ ድሮ አራቱም የእሱ ነበር፣
ከዚያ ሦስት፣ ዛሬ ሁለት። የተረፈውን ለኦርቴንሲያ አቀብላለሁ፣
እሷም ሎሚ ትመልሳለች በአጥር።

መስከረም የነፃነት በዓል ሲመጣ አገሩ ሁሉ ሰከረ፤ እሱም አብሮ ነጎደ፤
ሦስት ኤምፓናዳ ጎረሰ፣ በወይን ጠጅ አወራረደ፤
መሐረብ እያውለበለበ፣ ጉልበቱን ረስቶ ጨፈረ፣ ወለሉ እስኪርድ ራደ።
በማግስቱ መሐላውን ጠበቅሁ። ዳኛዋ ልትሰየም ነው አልሁ በልቤ።
ኒባልዶ ድስቱን ከፈተ።
"ምን አለ?"
"ምስር።"
ንስሐ አልገባም። ምስር በላ።

ወጣቷ ሐኪም ያስና ቁጥሮቹን ደጋግማ አየች፣
"የትኛውን የአመጋገብ ሥርዓት ተከተሉ?" ብላ እስክሪብቶ አዘጋጀች።
"ቅዳሜ ማታ ሚስቴ ቦሎቄ ትዘፈዝፋለች።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ እሑድ ይሆናል።"

ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ተመልሷል። አንድ ብቻ።
አንዳንድ ዓርብ አቮካዶው ጺሙ ላይ አለ፤
እጠርግለታለሁ፤ አልጠይቀውም።

ዛሬም ቅዳሜ ነው። ባሕሩ ከታች ያጉረመርማል፤
ቦሎቄው ጎድጓዳው ሳሕን ውስጥ ሲወርድ እንደ በረዶ ይሰማል።
"ዘፈዘፍሽው?" ይለኛል ከመኝታ ቤት፣ ግማሽ እንቅልፍ ሆኖ፤
እንዳልመልስለት አፌ ተይዟል፣ በአንዲት ከረሜላ ተከድኖ።