ፔዳል

ሃያ ሁለት ዓመት ፔዳል ስረግጥ ኖሬ፣
አንድ ስንዝር አልራቅሁም ከሸዋ በር ሱቄ፣ ከቆርቆሮ በሬ።
መዘውሩ ይዞራል፤ ክሩ ይሄዳል፤ ጨርቁም ይሄዳል፤
ሙሽራው ሱሪውን ለብሶ ኮምቦልቻ ይወርዳል፤
እኔው እዚያው ተቀምጬ፣
ማታ ማታ እንደ ሊጥ ከቁርጭምጭሚት አብጬ።

ነርሷ እግሬን በአውራ ጣቷ ተጭና፣
ጎድጉዶ ሲቀር አይታ፣ «ጦይባ» አለች፣ «ተነሽና
ሂጂ።» «ወዴት?» አልኳት።
«ወዴትም።» ይኸው ነው ያዘዘችልኝ መድኃኒት።

ደምሌን ጠየቅሁት፣ ጎማ ቤት ያለውን፣
በወጣትነቱ ለወሎ ሮጦ ጉልበቱ የከዳውን።
ከካርቶን ክዳን ቀዶ በግሪሳም ጣቱ ጻፈ፤
ማክሰኞ አራት፣ ሐሙስ ስድስት፣ እሁድ ስምንት እያለ ቀፈፈ፤
«አሥራ አምስት ሳምንት ነው፤ አብሽሪ» ብሎኝ አለፈ።

ካርቶኑን በእስፒል ሰቀልኩት፣ ከደንበኞቼ ልክ ጎን።
ደረት ዘጠና ሁለት። ወገብ ሰባ ስድስት። እሁድ ስምንት።
የሐጂ ይማም ጀለቢያ አንድ ቀን
በስምንት ኪሎ ሜትር ተቆርጦ ተገኘ።
ሳቁ። ጨርቁን ግን ከፈልኩ።

የመጀመሪያው ቀን፣ ሱብሂ ሳይሰገድ፣ ጦሳ በጭጋግ ተውጦ፣
የመብራቱ ምሰሶ እንኳ ከወገቡ በላይ ተቆርጦ፣
በሸራ ጫማ፣ በቀሚሴ ሥር የወንድሜን ቱታ ለብሼ፣
ፖስታ ቤቱ ጋ ሳልደርስ ቆምኩ ጎኔን ይዤ፣ አልቅሼ።
እትዬ አረቡ ከበር ብቅ አሉ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፦
«ማን ሞተ?»
«ማንም።»
«ታዲያ ምን ያስሮጥሻል?»
መልስ አጣሁ። ዛሬም ግማሹ ነው ያለኝ።

አንገቴ ላይ የምትውለው ሜትሬ አንድ ሜትር ተኩል ናት፤
ሃያ አንድ ኪሎ ሜትር ስንት እሷ እንደሚሆን በጠመኔ አሰላሁት፦
አሥራ አራት ሺህ።
ጠመኔውን አስቀምጬ ውሃ ጠጣሁ።

ገራዶ መውረድን አስተማረኝ። መውረድ ብድር ነው፤
ቁልቁለት ሳይቆጥር ይሰጣል፤ ዳገቱ ወለዱን አይተው።
ስመለስ፣ ጤፍ የጫነች አህያ ቀደመችኝ፤
ለእኔ ይሁን ለእሷ ባለቤቷ «በርቺ» ያለው፣ አልገባኝ።

በአሥራ አንደኛው ሳምንት፣ ከቦሩ ሜዳ ስመለስ፣
ካርቶኑ አሥራ ስምንት ይላል፤ አሥራ ስድስት ላይ ግን ጉልበቴ ሲልፈሰፈስ
ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።
ባጃጅ ቆመ። የሰፈር ልጅ ነው፣ ሱሪውን ያሳጠርኩለት፦
«ግቢ እትዬ፣ ሒሳብ የለም።»
ገባሁ።
ሁለት ኪሎ ሜትር በሦስት ጎማ ተሮጠልኝ።
ቤት ገብቼ በእርሳስ ጻፍኩ፦ አሥራ ስምንት።

ማንም አላየም። ደምሌም «ማሻአላህ!» አለ።
ያን ሌሊት ግን እንቅልፌ ውስጥ አንድ ስፌት ዘለለ፤
ሰፊ ያውቀዋል፣ ከላይ የማይታይ፣ ከሥር የላላውን ክር፣
ደንበኛው አምኖ ለብሶት ከሠርግ መሐል የሚተረተር።

ሐሙስ ሱቅ ዘግቼ ወጣሁ። ድንጋዩን ፈልጌ አገኘሁት፤
ከዚያ ተነሥቼ እስከ በሬ፣ የቀረውን ሁለት ሮጥኩት።
የተሳሳተ ስፌት ይተረተራል እንጂ
በካውያ አይሸፈንም።

ነገ ነው። በሐረጎ ጠመዝማዛ እስከ ኮምቦልቻ መግቢያ።
«ቁልቁለት ነው፣ ይቀላል» ይላሉ፤ ገራዶን አልወረዱም።
ወለዱን ሰኞ እከፍላለሁ፣ ደረጃ ስወርድ።
ቁጥሬ አራት መቶ ሰባ ሁለት ነው፤ ወረቀቷ ስስ፣ ጠርዟ ያልተዘመዘመ፤
አላስቻለኝም፤ እጄ ሳያርፍ፣ በቢጫ ክር ዙሪያዋን ዘመዘመ።

የስፌት መኪናዬን ጨርቅ አለበስኳት።
እግሬ ሳላስበው ፔዳሉ ላይ አረፈ፣
አንድ ጊዜ ብቻ ረገጥኩ፤
መዘውሩ ዞረ። ክር የለውም።

እትዬ አረቡ በመስኮት፦
«ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትሮጪው?»
«አሥራ ሁለት።»
«ቀስቅሺኝ እንግዲያ» አሉ፣
«ማንም ሳይሞት ሰው ሲሮጥ ልይ።»