ሐብሐብ ሳይቆረጥ

ጥር ነው። ሞንቴቪዴዎ ላይ ፀሐይ አናት ትበሳለች፤
ከወደቡ የምትመጣው ነፋስ ብረት ብረት ትሸታለች።
አጥሩ ሥር ተኮልኩለናል፣ ጣታችን ሽቦው ላይ፣
ሊቀመንበሩ ያመጧቸውን ሦስት ልጆች ልናይ።
ወደ ታችኛው ዲቪዚዮን ከወረድን ስድስት ዓመት ሆነን፤
በየጥሩ እንዲህ እንቆማለን፣ በየሰኔው አንገት ደፍተን።

«ይኸው ደግሞ!» አለ ዋልደማር፣
መራራ ማቴውን በብረት ቀሰም እየመጠጠ፤
«ዓምና ዕንቁ ነው ያሉን ልጅ፣ በዘጠኝ ሳምንቱ
አነከሰና አመለጠ።
ካቻምና የመጣው ሯጭ፣ ያ እግረ ቀጭን፣ ያ ነፋስ፣
ከኳሷ ቀድሞ ይደርስና ቆሞ ይጠብቃት ነበር፣
እንደ ዘገየ አውቶቡስ!»

ኒቢያ ዝም አለች። ትኬት ቆራጭ ናት፤ ሠላሳ ዓመት ከአንዲት መስኮት
ሲገባ የሰው ፊት፣ ሲወጣ የሰው ጀርባ ያየች፣ በዝናብ በሙቀት።

ወጡ።
የመጀመሪያው በረኛ ነው፤ ኤልቢዮ፤ ከታኳሬምቦ የመጣ፣
ክንዱ ከእጅጌው አልፎ አንድ ስንዝር የወጣ።
ቁመቱስ ለበር ይመቻል፤ ዓይኑ ግን ወፍ ይከተላል፤
አግዳሚው ላይ ነጭ ወፍ ካረፈች፣ ኳስ በብብቱ ያልፋል።
ሁለተኛው ራሚሮ፤ አሥራ ሰባት ዓመቱ፤ ግራ እግረኛ፤
ኳስ ሲነካ ልብ ይሞቃል፤ ማቀበል ላይ ግን
ዓለም ባዶ የሆነበት ብቸኛ።
ሦስተኛውን የሊቀመንበሩ የእህት ልጅ ነው ይላሉ፤
አዴማር። ሆዱ ቀድሞት ገባ። ሳቅሁ እኔም፤ ሳቁ ሁሉ።
እሱ ግን ከአርባ ሜትር፣ ቀና ሳይል፣ አንዲት ኳስ ላከ፤
እንደ ደብዳቤ አድራሻ አንብባ ራሚሮ እግር ሥር ወረደች፤
ሳቃችን ባለበት ተንበረከከ።

ሐብሐብ ሻጩ ዎሽንግተን (ስሙ ነው፣ ከተማ አይደለም)
ከጋሪው አንዱን አንስቶ በጣቱ ቆረቆረ፤
እኛ ስለ ልጆቹ ስንጨቃጨቅ፣ እሱ ለሐብሐቡ ተናገረ፦
«አርባ ዓመት ሙሉ፣ ጆሮዬን ደቅኜ፣ ኳ ኳ እያልኩ፣
ቀይ ነው ብዬ ለሰው ሸጥኩ፤
ማንን ልዋሽ? ካልተቆረጠ በቀር
እኔም ከገዢው በልጬ አላወቅኩ።»

እኔ ተስፋዬን በኋላ ኪሴ ነው የምይዘው፤
ስቀመጥ እንዲቆረቁረኝ፣ ሰው ግን እንዳያየው።

ዋልደማር ምራቁን ተፋ። «በቃኝ! ዘንድሮ አንዲት ሳንቲም አልከፍልም፤
ላም አለኝ በሰማይ ነው የእናንተ ነገር፤ እኔ ቅል ይዤ አልቆምም።»
ኒቢያ ብቻ ፈገግ አለች፤
ከመሳቢያዋ ያለውን ታውቃለች፦
የዓመቱ መታወቂያ፤ ቁጥር ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፤
ትናንት ማለዳ የተከፈለበት፤
ፎቶው ላይ ጺሙን የተላጨ፣ ክራቫት ያሰረ
ዋልደማር።

ዘግየት ብላ ደግሞ ያልሰማሁትን ነገረችኝ።
እሱም አንዴ ከዚያው በር ወጥቶ ነበር፣ እጥፋቱ ያልለቀቀ ማሊያ ለብሶ።
አሥራ አንድ ደቂቃ ተጫወተ።
አሥራ አንድ።
ከዚያ አሠልጣኙ ጣቱን አነሣ፤ ልጁ ወጣ፤
ወደቡ ላይ ክሬን ሲነዳ ሸበተ።
በዚያች ቀን አጥሩ ሥር የነበሩት ምን እንዳሉ
እስከዛሬ ቃል በቃል ያስታውሳል አለችኝ።

ሲመሽ፣ የበረኛው አውቶቡስ ሄዷል።
ዋልደማር ብስክሌቱን ደግፎ ቆሟል።
«ውጣ» አለው፣ የኋላውን ወንበር በአገጩ እያሳየ፣
«ኳስ ትጥላለህ አሉ፤ ራስህን እንኳ አትጣል።»
ልጁ ረጃጅም እግሮቹን ሰብስቦ ተቀመጠ፤
ክንዶቹ የሽማግሌውን ወገብ ዞረው ተረፉ።
ቁልቁለቱ ላይ ሲንገዳገዱ አየናቸው፣
አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ፤
ወደቁ ስንል
አልወደቁም፤
ወደቁ ስንል
መታጠፊያው ሰወራቸው።