ጥፋት

ጠፋች።
ሠላሳ ሰባት ከመቶ ላይ ደርሳ ስክሪኗ ጠቆረ፤
የኤፍራታ ሰርግ፣ ቬሎዋን በእጇ እንዳነሳች፣ ደረጃው ላይ ቀረ።
ማራገቢያው ሦስቴ ተነፈሰ፣ ዝም አለ፤
ከዚያ የቤቱ ድምፅ የእኔ ልብ ብቻ መሰለ።

ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ። በእጄ ነው የሠራኋት፤ ሣጥኗን ከምናለሽ ተራ፣
ቦርዷን ከሸምሱ፣ በልጆቹ እየማለ «ንጹሕ ናት» ሲል ሲያወራ፣
ፓወሯን ከአንድ ከተዘጋ ኢንተርኔት ቤት ጨረታ፣
ራሟን ሁለት ፍሬ፦ አንዱን በብር፣ አንዱን በይሉኝታ።

ደብተር ገዛሁ። የምትጠፋበትን ሰዓት ጻፍኩ፦
ሰኞ ሦስት ተኩል። ሰኞ አምስት ከሩብ።
ማክሰኞ ሁለቴ።
ረቡዕ መቁጠር ሰለቸኝ።
እሁድ አንዴም አልጠፋችም።
«ሰንበት ታከብራለች» ብዬ ብቻዬን ሳቅኩ፤
ሳቁ ከጉሮሮዬ አላለፈም።

ሕጉ አንድ ነው፦ አንድ ነገር ብቻ ቀይር፣ ከዚያ ጠብቅ፤
ሁለት የቀየረ፣ ቢድንለት እንኳ፣ ምን እንዳዳነው አያውቅ።

አንዱን ራም ነቀልኩ፤ ጠፋች።
እሱን መልሼ ሌላውን ነቀልኩ፤ ጠፋች።
በላጲስ የወርቅ ጥርሱን ፈገፈግኩ፤ ጠፋች።
ሌሊቱን ሙሉ ራሷን ስትፈትሽ አድራ
ጎህ ሲቀድ «ስሕተት፦ ዜሮ» ብላ ጻፈችልኝ፤
ሦስት ተኩል ላይ ጠፋች።

ሙቀት ነው ብዬ ፕሮሰሰሩን ከፈትኩ፣
የደረቀውን ቅባት በአልኮል ጠረግኩ፣
የስንዴ ፍሬ የምታህል አዲስ ጠብ አደረግኩ።
(አንድ የማውቀው ልጅ በጥርስ ሳሙና ቀብቶ
ክፍሉ ሚንት ሚንት እየሸተተ ተቃጥሎበታል።)
ጠፋች።

ስልኩ ጮኸ። «የኔ እህት፣ ወሩ እኮ አለፈ፤ አማቴ ስለ ቪዲዮው ጠየቁኝ።»
«ነገ» አልኳት።
ያንኑ ነገ ስንቴ ሸጥኩላት!

ከዚያ ነው የምድር ቤቱን ደቻሳን የጠረጠርኩት፤
ብየዳው ሲፈነጥቅ አምፖላችን ዐይኑን ያርገበግባል፣
እሁድም አይሠራም። ደብተሬን ይዤ ወረድኩና
ደንበኞቹ ፊት «ማሽንህ ማሽኔን ገደላት» አልኩት።
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቀለ፤ ደብተሩን ተቀበለ፣
በተቃጠለ ጣቱ መስመር በመስመር ሄደበት፣
እንደ ክስ ወረቀት።
«ነገ አልበይድም» አለ። ሌላ ቃል አልጨመረበት።

በማግስቱ፣ የሰው በር ግማሹን ትቶ፣
አራት ፎቅ ወጥቶ፣
በርጩማ ላይ፣ እጁን በጉልበቶቹ መሃል ከትቶ፣
ከእኔ ጋር ቁጥር ይጠብቃል።
አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ።
ታች ጸጥ ብሏል።
ሃያ ልትል ስትል፣ ጠፋች።

ፊቴን የት ላድርገው?
እሱ ግን ስክሪኑን አይደለም፣ መደርደሪያውን ነው ያየው፤
ብርጭቆዎቹ ገና ይንጫጫሉ፣ ጥርሱን እንደሚያፋጭ ሰው፤
በመስኮቱ ሥር፣ አስፋልት ባልነካው መንገድ፣
ሲኖትራኩ ድንጋዩን ጭኖ ወደ ኮዬ ፈጬ ሲወርድ።
«እሁድ የድንጋይ ካባውም ዝግ ነው» አለ።

«አብሪያት።» አበራኋት።
ጠረጴዛውን በቡጢው ጎን መታ፤ ጠፋች።
ደግመን አበራን፤ መታ፤ ጠፋች።
እንዲያ ደስ እያለኝ ስትጠፋ አይቻት አላውቅም።

አንሶላ ዘርግተን ብሎኖቿን አንድ በአንድ ፈታን።
ቦርዷ ተነሣች። ከሥሯ፣ ቀዳዳ በሌለበት፣
አንዲት የነሐስ እግር፣ ከባቄላ የምታንስ፣
ጀርባዋን ለመንካት ፀጉር ታህል ቀርቷት ቆማለች።
እኔ ነኝ የተከልኳት።
በላስቲኩ ውስጥ ዘጠኝ ነበሩ፤ ቦርዷ የፈለገችው ስምንት፤
ዘጠነኛዋን መጣል አሳሳኝ።

ደቻሳ ነቅሎ መዳፌ ላይ አኖራት።
«የቀንህን ሒሳብ…» ስለው
«ያን በር ልጨርስ» ብሎ ወጣ።
ይቅርታዬን ለደረጃው ነገርኩት፤ እሱ ሁለተኛ ፎቅ ደርሷል።

አሁን ሰባ ሁለት ይላል። ሲኖትራኩ መጣ፤
ብርጭቆው ተንጫጫ። ኤፍራታ ደረጃውን ወጣች።
ታች ብየዳው ተለኮሰ፣ አምፖሉ ዐይኑን አርገበገበ።
ሰባ ሦስት።

ደብተሩን ገለጥኩ። «ጥፋት» ከሚለው ሥር
ራም ተሰርዟል፣ ሙቀት ተሰርዟል፣ ፓወር ተሰርዟል።
የራሴን ስም ጻፍኩ።
ደቻሳን ግን ሁለቴ ሰረዝኩት፤
እስክሪብቶው ወረቀቱን በሳው።