የቋያ የውሃ መዝገብ

ጎንደር፣ አንገረብ ማዶ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ቧንቧው ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዲት የዝገት ጠብታ
ጣለና ዝም አለ። አሥራ ሁለት ቀን ሞላው፣
ቆጠርኩት ማታ ማታ።
ባልዲውን ገፋ አድርጌ ከሣጥኑ አወጣሁ
ምስጥ ጠርዙን የበላው፣ ላብ ያጠቆረው መዝገብ።
የቋያ ውሃ ጸሐፊ ነበርሁ፤
ማን ታጥቦ እንደሚያድር፣ ማን አቧራውን ለብሶ የማውቅ።

መጀመሪያ ወርቅ አልነበረም።
መጀመሪያ ቢያድግልኝ ነበረ፣ የጭልጋው ጉድጓድ ቆፋሪ፣
የሰሊጥ አጫጆች ጥም ዶማ አሸክሞ ያመጣው።
ከቋራ ቆላ በታች፣ ጥላ እንኳ በሚያቃጥልበት፣
አንዲት የጉሙዝ ሴት አገኘ፤ ወንዙ ደርቋል፣ ቅሏ ግን ይንጠባጠባል።
«የት?» አላት በእጁ።
በተረከዟ አሸዋውን ረገጠችለት።

ዘጠኝ ክንድ ወረደ፤ ዐሥረኛው ላይ ጭቃው አብረቀረቀ፤
እሱ የፈለገው ውሃ ነው፤ ብልጭታውን በአካፋ እየዛቀ
ወደ ላይ ወረወረው።
ያየው ሌላ ነው፣ ከላይ ቆሞ ገመድ የያዘው።

በዓመቱ ላስቲክ ቤት፣ ቆርቆሮ ቤት፣ ሚዛን የሰቀለ ነጋዴ፣
ታቦት ሳይገባበት ጣሪያው የተመታ መቃኞ፣
በአፈር የሚተጣጠቡበት መስጊድ።
አንድ ግራም ወርቅ ለማጠብ ስድስት ጀሪካን ይፈጃል፤
አንድ ሰው ለማጠብ ማን ይሰጣል?

እናኑ፣ ጠላ ጠማቂዋ፦ ስምንት። ከፍላለች።
ቸኮል መካኒኩ፦ ሁለት፤ አንዱ ለራዲያተር።
ለክርስትና፦ አንድ፣ በዱቤ።
ማዕረጉ፣ ከደባርቅ፦ አንድ። ዳግመኛ አልመጣም፣ ጉድጓድ ተደርምሶበት።
ይህችን የጻፍኳት በቀይ ነው፤
ለሐዘን አይደለም፣ ሰማያዊው አልቆ ነበር።

ያቺም ሴት መጣች አንድ ቀን፣ ያንኑ ቅል ይዛ።
«ተራ ያዢ» አልናት።
ስሟን አልጠየቅሁም። «ባለ ቅሏ፦ ሩብ ጀሪካን» ብዬ ጻፍኩ።

ኋላ ነጋዴው ባዜቃ አመጣ፣
በብልቃጥ የታሸገ፣ የማያረጥብ ውሃ፤
መዳፍ ላይ ይሮጣል፣ ይሰበራል፣ መልሶ ይገጥማል፤
ልጆች ተጫወቱበት ከጉድጓዱ አፍ ድንጋይ ላይ።
የማያረጥበው ውሃ ወደሚያረጥበው ወረደ።
ይህን አልጻፍኩም፤
መዝገቤ የሚወጣውን እንጂ የሚገባውን አይጠይቅም ነበር።

በልጅነቴ ሦስት ወር ቅኔ ቤት ነበርኩ፤
የኔታ «ሰሙን ግፈፉ፣ ወርቁን አውጡ» ሲሉ
እኔ ዝንብ እቆጥር ነበር።
ቋያ ላይ ገባኝ፤ ሲገባኝ ግን ዘገየ፦
ወርቁ ሰም ነበር፣ ውሃው ነበር ወርቁ፤
ቀልጦ አለቀ እየታየ።

ዐሥራ ሰባት ክንድ። ሃያ ሁለት። ሠላሳ።
ገመዱ ረዘመ፣ ባልዲው ግማሽ፣ ግማሹም ሐሞት ሐሞት የሚል።
ከሸኸዲ ቦቴ መጣ፤ በሳምንት ሁለቴ፣ በሳምንት አንዴ፣
መንገዱ ሲከፈት፤
ሹፌሩ በወርቅ ካልሆነ አለ፣ ወርቁም የለ።
ቀድመው የሄዱት ባለ ሚዛኖቹ ናቸው፤ አህዮቹ መጨረሻ።
ቢያድግልኝ ቀረ። «እኔ ከፈትኳት፣ ሳልደፍናት አልሄድም» አለ።
ብቻውን፣ በአንድ አካፋ፣ ያን ሁሉ ክንድ።
በክረምት ዛሬም ትሞላለች ይላሉ፣
ጥርት ብላ፣ ሰማይ ይዛ፣ ማንም ሳይጠጣት።

እዚህም ሰፈሬ ቢጫ ጀሪካን አሰልፎ ተኝቷል፤
ጀሪካን የሌለው ድንጋይ አስቀምጧል በስሙ።
ከግንቡ ወዲያ፣ ለጥምቀት ብቻ የሚሞላው ገንዳ ደርቆ
የዛፎቹ ሥር ግድግዳውን ይልሳል።

ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ መጣ፤ ክር የምታህል፣ ቀላ ያለች።
አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ቀኑን ጻፍኩ።
«ስም» ከሚለው ሥር የራሴን፤ «ልክ» ከሚለው ሥር፦ አንድ።
«ሒሳብ» የሚለው ላይ ስደርስ
ቧንቧው ቆመ።