ሰማንያ ሰባት

መጽሐፉ መቶ ይላል። ከሊማ ታትሞ የመጣ፣
በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ታስሮ ዳገቱን የወጣ፤
ገጽ አርባ አንድ ላይ ድስት አለ፣ ከድስቱ እንፋሎት ይተናል፣
ከሥሩ በደማቅ ቀለም፦ «ውሃ በመቶ ዲግሪ ይፈላል»።

እኛ ጁሊ ነን፣ ከሐይቁ በላይ፣ ነፋሱ ቆዳ በሚልጥበት፣
ለሠላሳ አራት ተማሪ ሦስት የጋዝ ምድጃ ባለበት፤
ሙቀት መለኪያዋ አንዲት ናት፣ እንደ ዕንቁላል በጥጥ ተጠቅልላ
ከመምህር ኦዲሎን ኪስ የምትወጣ ቀስ ብላ።

ሩፊኖ ክብሪት ጫረ። እኔ ያዝኩ እስክሪብቶና ሰዓት።
ሠላሳ ሁለት። ሃምሳ። ሰባ። ቀዩ ክር ሽቅብ ሲሳብ በመስታወት።
ሰማንያ አምስት። ሰማንያ ስድስት። ውሃው ማጉረምረም ጀመረ፣
ሰማንያ ሰባት ላይ ተንተከተከ፤ ክሩም እዚያው ቀረ።
ጠበቅን። ጋዙ ነደደ፤ ውሃው ጎደለ በጣት፣
ክሩ ግን ወይ ፍንክች፤ እንደ በቅሎ ቆመ ባለበት።
«ተበላሽታለች» አለ ሩፊኖ፤ አውጥቶ አራገፋት፣
በሹራቡ ጠርጎ መልሶ ነከራት።
ሰማንያ ሰባት።

እኔ ምን አደረግኩ?
ግራ ቀኝ አየሁ። ማንም አላየኝ።
በሚያምር ጽሕፈት «መቶ» ብዬ ጻፍኩኝ።
ከመቶ በፊትም ዘጠናን፣ ዘጠና አምስትን ፈጥሬ፣
ያልተወለዱ ቁጥሮች፣ እንደ ዶቃ ክር ላይ ደርድሬ።
ግራፌ ቀጥ አለ፤ እንዴት ያምር ነበር!
ለካ ውሸት ማስመሪያ አይቸግረውም ነበር።

መምህሩ ደብተር በደብተር ገለጠ፤ ድምፁ ከፍ አላለም ለቁጣ፤
«መቶን በዓይኑ ያየ» አለ፣ «እስኪ እጁን ያውጣ።»
ሠላሳ ሦስት እጅ ወጣ። የእኔ ከሁሉ ቀጥ ያለ።
ሩፊኖ ብቻ እጁን፣ እንፋሎት የለበለበውን፣ ኪሱ እንደ ከተተ አለ።
«እንግዲህ ሩፊኖ ውሃ አፈላ፤ የቀረው መጽሐፍ ቀቀለ።»
ደወሉ ተደወለ።

ማታ እናቴ ባቄላ ስትለቅም ነገርኳት።
እንዳፈርኩ ግን አልነገርኳት።
«ሞየንዶ ሰው ቤት ሳገለግል፣ ከባሕሩ ዳር፣ ልጅ ሆኜ፣
ባቄላ ጥጄ ልብስ ሳጥብ፣ ሳልጨርስ ይበስላል፣ አይቼ በዓይኔ።
እዚህ ጠዋት የጣድኩት፣ ፀሐይ ጠልቃም ጥርስ ይሰብራል።
እሳቱ አንድ፣ እጄ አንድ፤ አየሩ ነው እንጂ ምን ይቀራል?»

እሳቱ አንድ፣ እጁ አንድ፣ አየሩ ብቻ የተለየ፦
ሃያ ዓመት የፈጀ ሙከራ፣ ደብተር ያላየ።

ሰኞ መምህሩ አስረዳ። «አየሩ እዚህ ስስ ነው፣
ውሃውን እንደ ክዳን አይጫነው፤
ስለዚህ ብዙ ሳይግል ይነሣል።» መጽሐፉም አልዋሸም ለካ፤
በቆመበት አሸዋ ላይ፣ በራሱ ልክ ለካ።
ዋሾዋ እኔ ነኝ፤ ዓይኔ እያየ፣
የሰው ዓይን የተዋስኩ፣ ለመቶ ስል፣ ላልታየ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ሠራን። ሐምራዊ በቆሎ ቀቅለን
ሎሚ ጠብ ስናደርግ ቀላ፤ ሶዳ ስንነሰንስ አረንጓዴ ሆነብን፤
ጣቶቼ ሦስት ቀን ሙሉ ወይን ጠጅ መስለው ዋሉ።
ዘጠኝ ድንች በሽቦ አያያዝን፣ አምፖል ያበራሉ ሲሉ።
አልበራም።
«አልበራም» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ ያጠረ ነገር
ጽፌ አላውቅም፤ እንዲህ ቀለል ብሎኝም አያውቅም ነበር።

ያን «መቶ» አልፋቅሁትም። ላጲስ ነበረኝ፤ ተውኩት።
በላዩ አንድ መስመር፣ እንዲነበብ አድርጌ ሳብኩበት፤
ከጎኑ፣ ጠማማ ሆኖ፣ ሰማንያ ሰባት።

ሙቀት መለኪያዋስ? በኅዳር ከእጄ አምልጣ ተሰበረች።
ስድስት ሶል ከፈልኩ። ቀይዋ ጠብታ ወለሉ ላይ ቀረች።
ሩፊኖ ጎንበስ ብሎ አየና፦
«አሁን ስንት ትላለች?»