የሸህ ጀውሃር ጣሳ

ሸህ ጀውሃርን ያጠብኩ እኔ ነኝ፤ ደጀን ላይ፣
ጉም ከበረሃው ወጥቶ ደጃፋችን ሲታይ።
ልጃቸው ኑርልኝ ሁለት ባልዲ አቀረበልኝ፣
እጄን ልሰድ ስል ግን አንድ ነገር ያዘኝ፦
መልኳን ዝገት በልቶት ያቺ የሳልሳ ጣሳ
ሚስማሯ ላይ አለች፣ ጌታዋ ላይነሳ።

ልጅ ሳለሁ ነው ነገሩ። የመስጊዱን ቧንቧ
ለቅቄው፣ ከነሐሩን ጋር ወሬ ስንገነባ፣
ከኋላዬ መጡና ዝም ብለው ዘጉት፤
ግማሽ ጣሳ ውሃ እጄ ላይ አኖሩት።
«ለእጅ፣ ለአፍ፣ ለፊት፣ ለእግርም ይበቃሃል።»
«ሸህዬ፣» አልኳቸው፣ «አባይ ከታች ይፈሳል!»
ሳቁ። ጥርስ የሌለው ሳቅ፣ እንደ ነፋስ ያለ።
«ወንዝ ዳር ሆነህ እንኳ አታባክን ተባለ።
አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል፤
አንተ ግን ማደሪያ አለህ፣ እዚያ ይቆጠራል።»
አልገባኝም ያኔ። ንፉግ መሰሉኝ፣
«ባለጣሳው ሸህ» እያልኩ ሰፈሩን አሳቅሁኝ።

ከሰል የጫነች አህያ ከበረሃ ስትወጣ
ዋጋ አይጠይቁም፤ ያያሉ የጀርባዋን ጣጣ።
«ይቺ አፍ የላትም፤ ትከስሃለች ግን፣ እወቅ፣»
ይሉታል ባለቤቱን፤ እሱ ቢቆጣም ቢስቅ።

እንግዲህ በዚያችው ጣሳ አጠብኳቸው፣
ከቀኝ ጀምሬ፣ ሦስት ጊዜ፣ ገላቸው።
ቀጭን ነበሩ። ውሃው በቃቸው።
አንዱ ባልዲ ሳይነካ ቀረ ከእግራቸው።

መቃብሩ ገደል አፍ ነው፤ አፈሩ ስስ፣
ክረምት በመጣ ቁጥር ወደ አባይ የሚፈርስ።
ክንድ ተኩል እንደወረደ የደምለው ዶማ
ጭን የሚያህል ሥር ነካ። ድምፁ ተሰማ።
ማተቡን ላብ አርሶት ቀና አለና ጠየቀን፦
«የዋንዛው ነው። ልቁረጠው?» ዝም ተባባልን።
አስከሬኑ ቃሬዛ ላይ፣ ፀሐይ እየከረረ፣
ሁሉም ሌላው እንዲናገር ይጠብቅ ነበረ።

ኑርልኝ አባቱ ያሉትን አስታወሰ፦
«ቂያማ ሊቆም ሲል እንኳ፣ ችግኝ እጅህ ከደረሰ፣
ትከል ተብለናል። ታዲያ የተተከለውስ?
ሥሩ ባለርስት ነው፣ መጤው እኔ ነኝ፤
ከተገናኘን እዚያ፣ እሱን ተዉት፣ እኔን ግፉኝ።»

ገፋናቸው። አንድ ክንድ፣ ወደ ግራ።
ደምለው የቆፈረውን ደፈነ፣ እንደገና ቆፈረ፣ ሳያወራ።
ፊታቸውን ወደ ቂብላ አዙረን መለስነው፣
የተረፈውን ባልዲ ለዋንዛው ሰጠነው።

ገደሉ ዘንድሮም በልቷል፤ ሁለት እርምጃ ያህል።
ዋንዛው ይያዘው አይያዘው፣ አላህ ያውቃል።
እኔ የማውቀው፣ ሰልፉን የሰበረ አንድ መቃብር አለ፣
ከረድፉ ፈንጠር ያለ።
እንግዳ ሲመጣ ይስቃል፦ «ቆፋሪው ምን ነክቶት ነው?»
«ምንም፣» እላለሁ፣ «ሸህዬ መንገድ ለቅቀው ነው።»